መርፌው ሻንጣ ውስጥ አይቅር



እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በጎንደር ጉዞ ሲጠባበቁ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ጉባኤ ባዘጋጀው የጥልፍ ሥራ የሰንበት ዳቦ መሸፈኛ እየጠለፉ ቤተሰባቸውን ይረዱ ነበር። እዚህ አሽቀሎን ሲመጡ ግን ኡልፓኑና የቢሮው ጉዳይ ይደራረብና መርፌው ሻንጣ ውስጥ ይቀራል። ልጅ የእናቱ አስተርጓሚ ይሆናል፤ እናትም የምታስተምረው ያላት አይመስላትም። ይህ ትክክል አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። ለቆጠራ ጥልፍ የሚሆነውን፣ አይዳ የሚባለውን ባለ ቀዳዳ ጨርቅ ግዙ፤ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው ለጀማሪ ይስማማል። ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ከመካከሉ ጀምሩ። የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ክር ነው፤ 2ቱን ብቻ ለዩ። ክሩን ስታነባብሩት የላይኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጋደም፤ አለዚያ ጥልፉ ይዘበራረቃል። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታችሁ አትተዉት፤ በባሕሩ አየር ይዝጋል።

ከዚያ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። እሱ ሻባት የሚለውን በዕብራይስጥ በካሬ ወረቀት ይጻፍላችሁ፤ 3 ፊደል ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ መርፌ አያያዙን አሳዩት። እሱ ፊደል ያስተምራል፣ እናንተ እጅ ታስተምራላችሁ፤ በቤቱ ውስጥ ሁለታችሁም ትከበራላችሁ።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መርፌውን አስቀምጡ፤ ዳቦውንም በገዛ እጃችሁ ሥራ ሸፍኑት።

ሰላም ሁኑ።