ሊበርታሪያን ሁሉ መንግሥት ይፍረስ ባይ ነው?

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ ሊበርታሪያን፣ ማለትም የግለሰብ ነፃነትን የሚያስቀድምና የመንግሥትን ሥልጣን መገደብ የሚሻ ሰው፣ ሲባል ብዙዎች ሕግም ፖሊስም ይጥፋ የሚል ሰው ይታያቸዋል። ጽሑፋቸው ሳይነበብ ሲፈረድባቸው ያሳዝነኛል።

እሷ፦ ሊበርታሪያኑን የሃርቫርድ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ክፍል የሰጠው ምንም ዓይነት መንግሥት ተገቢ አይደለም ለሚሉት መልስ ነው። ዜጎችን ከጥቃት፣ ከስርቆትና ከማጭበርበር የሚጠብቅ፣ ውል የሚያስከብር መንግሥት ተገቢ ነው ይላል። ከዚያ ካለፈ ግን የሰው መብት ይጥሳል ባይ ነው።

እሱ፦ ለድሃ ደንታ የላቸውም የሚለውስ?

እሷ፦ ሁሉንም አንድ ላይ አትጠቅልላቸው፣ ወንድሜ። ኖዚክ በሥራ በተገኘ ገቢ ላይ የሚጣል ግብርን ከግዳጅ ሥራ እኩል ያየዋል፤ በፈቃድ መስጠትን ግን አይነቅፍም። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው በግብር ሥርዓቱ በኩል ጥሬ ገንዘብ ይስጥ፣ አወጣጡን ራሱ ተቀባዩ ይወስን ብሎ ጽፏል።

እሱ፦ ሊበርታሪያኖችን የባለሀብት ጠበቃ ብቻ አድርጎ ማየትም ልክ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የግዳጅ ምልመላ እንዲቀር አጥብቀው ከሞገቱት አንዱ ይኸው ፍሪድማን ነው። ምልመላውም እ.ኤ.አ. በ1973 ቀረ።

እሷ፦ እኔ ከኖዚክ ጋር አልስማማም። የድሃ ልጅ ትምህርት የለጋሽን መልካም ፈቃድ መጠበቅ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

እሱ፦ እኔም በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ።

እሷ፦ እናንተስ አድማጮቻችን? የምትቃወሙ ተቃወሙ፤ አደራ የምንላችሁ ግን በእርግጥ የተናገሩትን እንድትቃወሙ ነው።