ከዋክብትን መመልከት ስለ ምን ተውን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በከዋክብት ተመልካቾች ክበብ አባሎች ስም የተነገረ ንግግር)





በዚህ በዓል ላይ ልዩ ልዩ ክበቦች በዓመቱ ውስጥ ስለ ሠሩት ሥራ እየተነሡ ሲናገሩ ሰምታችኋል። የአትክልት ክበብ ስለ ተከላቸው ችግኞች፤ የቴያትር ክበብም ስላሳየው ጨዋታ ነግረውናል። እኛ ግን የቆምነው ስለ ሠራነው ሥራ ሳይሆን ስለ ተውነው ሥራ ለመናገር ነው። የከዋክብት ተመልካቾች ክበብ ካለፈው መጋቢት ወር ጀምሮ ተዘግቷል። የተዘጋውም በማንም ትእዛዝ ሳይሆን በእኛ በአራቱ የመጨረሻ አባሎች ፈቃድ ነው። ብዙዎቻችሁ «ምን አገኛችሁ?» ብላችሁ ስለ ጠየቃችሁን ምክንያቱን በግልጥ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ እንናገር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት ጨረቃ የፀሐይን ፊት ጋረደች። በላሊበላ ለነበሩት ሰዎች ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች፤ እኛ በነበርንበት አገር ግን እንደ ማጭድ ሆና ቀረች። ያን ጊዜ በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበረ እያንዳንዳችን በየቤታችን ነበርን። ፀሐይን ትኵር ብሎ መመልከት ዓይን ያጠፋል ስለ ተባልን ያየነው ከዛፍ ሥር መሬት ላይ ነው። በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን በየቦታው ትንንሽ የማጭድ ቅርጽ ሠርቶ ነበር። በኋላ በዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት በዘጠነኛ ክፍል ስንገናኝ፤ አንድ ቀን ማታ በጨዋታ መካከል ሁላችንም ያንኑ የመሬት ላይ ማጭድ የምናስታውስ ሆነን ተገኘን። ክበቡ የተወለደው ከዚያ ጨዋታ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አባሎቹ 23 ነበርን። የፊዚክስ መምህራችን የመስተዋቱ ስፋት 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ አሮጌ ቴሌስኮፕ ከዕቃ ቤት አውጥተው አቧራውን ጠርገው ሰጡን። በእርሱም የጨረቃን ተራሮችና ጋሊሌዎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1610 ዓ.ም. ያገኛቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች አየን። የሳተርንን ቀለበት ባየንበት ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደንም። ደግሞም ይህ ዕውቀት ለአገራችን ባዕድ አለመሆኑን ተረዳን። ሙሉው በግዕዝ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው፤ አባቶቻችንም በዓላትንና አጽዋማትን በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ ኖረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ኢትዮጵያ ለደረሳት ኮከብ «ቡና»፤ በዙሪያዋ ለምትዞረው ፕላኔት «አቦል» የሚል ስም አውጥታለች። ይህን በሰማን ጊዜ በሰማይ የራሳችን ቤት ያለን መሰለን።

ይሁን እንጂ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ። «ቡና»ን ያለ መሣሪያ ማየት ስለማይቻል በቴሌስኮፓችን ፈለግናት። ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘነው አንዲት ደቃቅ ነጥብ ነው፤ እርሷ ትሁን ጎረቤቷ እንኳ እርግጠኛ መሆን አልቻልንም። «አቦል»ማ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ፈጽሞ አትታይም። ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ከሕዋ የላኩአቸውን በቀለም ያሸበረቁ ሥዕሎች አይተው የመጡ ተማሪዎች ተሰልፈው አንድሮሜዳ የሚባለውን የከዋክብት ጉባኤ ሲመለከቱ እንደ ጭስ ያለ ግራጫ ነገር ብቻ ያዩና «ይኸው ነው እንዴ?» ይሉን ነበር። ያ ጭስ የሚመስለው ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያህል እንደ ተጓዘ እናስረዳቸው ነበር። ቀስ በቀስ ግን እኛም በልባችን «ይኸው ነው እንዴ?» ማለት ጀመርን። በሁለተኛው ዓመት 11፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል 4 ብቻ ቀረን። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ፤ ለአንድ ሰው ሸክም ነው ይባላል። ቴሌስኮፑን ከነእግሩ ተሸክሞ በብርድ ከእግር ኳስ ሜዳው በላይ ወዳለው ጉብታ መውጣት ለ23 ልጆች ጨዋታ ነበረ፤ ለ4 ልጆች ግን ሸክም ሆነ።

ክበቡን እንደገና ለማነቃቃት መምህራችን አንድ የረዥም ጊዜ ሥራ አመለከቱን። ጆን ጉድሪክ የሚባል ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የማይሰማ የእንግሊዝ ወጣት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1782 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ አልጎል የምትባለውን ኮከብ በዓይኑ ብቻ ይጠባበቅ ነበር። ይህች ኮከብ ሁልጊዜ በ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አንድ ጊዜ ትደበዝዛለች፤ ብርሃኗ ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ያህል ይወርድና ተመልሶ ይደምቃል። ጉድሪክ ጊዜውን ቈጥሮ ካገኘ በኋላ «አንድ የጨለመ አካል በፊቷ እያለፈ ይሆናል» ሲል ገመተ። በማግሥቱ ዓመት በለንደን የነበረው የሊቃውንት ማኅበር የክብር ሜዳይ ሰጠው። ግምቱ እውነት መሆኑ የተረጋገጠው በ1889 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ ግን በ1786 ዓ.ም. ገና በ21 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ያን ሥራ ሲሠራ ዕድሜው 18 ዓመት፤ ልክ እንደ እኛ ነበረ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር አለ። ከዓለም ዙሪያ ሙያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች ያዩትን እየጻፉ ይልኩለታል፤ ሊቃውንቱም ይጠቀሙበታል። እኛም አልጎልን ከኅዳር እስከ የካቲት ተመልክተን መዝገባችንን ለዚህ ማኅበር ለመላክ ወሰንን። በየሳምንቱም ያየነውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ ነበር። እናንተም አንብባችሁ አመስግናችሁናል።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን ነገር ደርሰናል። የአልጎል ጊዜ የታወቀ ስለ ሆነ ሳያዩ ማስላት ይቻላል። 2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ማለት ከሦስት ቀን 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ የጐደለ ማለት ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ሌሊት በ6 ሰዓት ከደበዘዘች፤ ዓርብ ማታ ከ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ እንደምትደበዝዝ በወረቀት ላይ ይገኛል። በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ሌሊት በእርግጥ ጉብታው ላይ ሆነን አየናት። ዓርብ ግን የሒሳብ ፈተና ስለ ነበረብን አልወጣንም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን መዝገብ ስንሞላ ባዶ መስመር መተው አሳፈረንና «ዓርብ፤ 2 ሰዓት ከ49፤ በጣም ደብዝዛ ታየች፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር» ብለን ጻፍን። የመጀመሪያውም አልነበረም።

ማክሰኞ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳውን አንብቦ ወደ እኛ መጣ። «ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «ዓርብ ማታ ከራት በኋላ ያለ ወራቱ ዝናብ ጥሎ ነበር። ያጠብሁት ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ በስብሶብኝ ቅዳሜ እርጥብ ሸሚዝ ለብሼ ስለ ዋልሁ አልረሳውም። እናንተ ኮከቢቱን እንዴት አያችኋት?» ከእኛ አንዱ ቀደም ብሎ «ከዝናቡ በፊት ነው ያየናት» አለው። ልጁም አመነና አመስግኖን ሄደ። ቢጠራጠረን ኖሮ ተቈጥተን እንረሳው ነበር። ማመኑ ግን ከበደን።

ያን ሌሊት አራታችን ተቀምጠን መዝገቡን ከመጀመሪያው ጀምሮ አገላበጥን። ከ31 ምልከታዎች ውስጥ 9ኙ ፈጽሞ ያልታዩ ነበሩ። ሌሎች 3ቱን አይተናቸው እንደ ሆነ ወይም አስልተናቸው እንደ ሆነ ራሳችንም መለየት አቃተን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለን ነበር። በማግሥቱ ልጁን ጠርተን እውነቱን ነገርነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። ከዚያ ወደ መምህራችን ሄድን። መምህራችን መዝገቡን እስከ መጨረሻው አነበቡና አልተቈጡም። «ለመሆኑ ይህን ሥራ አሁንም ትወዱታላችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። አንዳችንም መልስ አልሰጠንም። ዝም ማለታችን መልስ ሆነ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለመተዋችን ልንሰጠው የምንችለው ምክንያት ሞልቶ ነበር። በመንገዱ ዳር የተተከሉት መብራቶች ሰማዩን እንዳጠቡብን፤ ደመና እንዳስቸገረን፤ የብሔራዊ ፈተና እንደ ደረሰብን ብንናገር ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ጉድሪክ የተመለከተው ከከተማ ውስጥ፤ ከእኛ ይልቅ ደመና በሚበዛበት አገር፤ ያውም በዓይኑ ብቻ ነው። እኛን ያጐደለን መስተዋት ወይም ጨለማ አይደለም። ፍቅራችን ካለቀ ቆይቷል፤ ማለቁን ለመናገር ግን አፈርን። እንግዳ ሲመጣ «እነዚህ የከዋክብት ተመልካቾቻችን ናቸው» እየተባልን መጠራት ደስ ይለን ስለ ነበረ ስሙን ይዘን ሥራውን ተውን።

አማተር የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ «ወዳጅ፤ አፍቃሪ» ማለት እንደ ሆነ ተምረናል። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሥራው ቢሰለቸው እንኳ ስለ ደመወዙ ይሠራል። አማተር ግን ከፍቅሩ በቀር ደመወዝ የለውም። ፍቅሩ ካለቀ በኋላ ስለ ስሙ ብቻ የሚቀጥል ከሆነ፤ አንድ ቀን ያላየውን አየሁ ብሎ ይጽፋል። በሩቅ አገር የሚኖር ሊቅ መዝገቡን አምኖ ቢሠራበት ደግሞ ጥፋቱ ከአንድ ትምህርት ቤት አልፎ ይሄዳል። የእኛ መዝገብ ሳይላክ በፊት ያ ልጅ ስለ ሸሚዙ ስለ ጠየቀን ዕድለኞች ነን።

እንግዲህ ያደረግነው ይህ ነው። በ12ቱ መስመሮች ላይ በቀይ ቀለም ሰርዘን «አልታየም» ወይም «አልተረጋገጠም» ብለን ጻፍን። መዝገቡን ለማኅበሩ አልላክነውም። ከዚያም ክበቡን ዘጋነው። ቴሌስኮፑን ለዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪ ልናስረክብ ብንጠይቀው «እኔ የጠየቅኋችሁ ስለ ልብሴ ነው እንጂ ስለ ኮከብ አይደለም» ብሎ ሳቀብን። ልክ ነው፤ ያልወደደውን ሸክም ልናሸክመው አይገባንም ነበር።

በእኛ መተው ምክንያት ማንም ሰው የሥነ ፈለክን ትምህርት እንዲንቅ አንፈልግም። ዓለምን ሁሉ ቢያዞሩ የሳተርንን ቀለበት በገዛ ዓይን እንደ ማየት ያለ ነገር ጥቂት ነው። ያየነውን አይተናል፤ 19ኙ መስመሮች እውነት ናቸው። ከእኛ መካከል አንዱ እርሻ፤ ሁለቱ ሕክምና፤ አንዱ የሒሳብ አያያዝ ለመማር ያስባሉ። ወደ ራት ስንሄድ አንዳንድ ጊዜ ቀና ብለን ኦሪዮንንና ሰባቱን ከዋክብት እናያቸዋለን፤ ግን አንመዘግባቸውም።

ለታናናሾቻችን የምንመክረው ሁለት ነገር ነው። የጀመራችሁት ነገር በመጀመሪያው ብርድ ቢከብዳችሁ ቶሎ አትተዉ፤ እኛም ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ብንተው ኖሮ ብዙ ደስታ በቀረብን ነበር። ነገር ግን ፍቅሩ በእርግጥ ካለቀ ሰው እንዳይታዘባችሁ ብላችሁ አትጐትቱት። ቆማችሁ «ትተነዋል» በሉ። ይህን ቃል ለመናገር እኛ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብናል።

ቴሌስኮፑ በፊዚክስ ክፍል ቍም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቍልፉ ከመምህራችን ዘንድ ነው። መዝገቡም ከነቀይ ስርዙ በቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ማንም ተማሪ ቢወድድ ከሠላሳ ሁለተኛው መስመር ሊጀምር ይችላል፤ ካልወደደም ሰማዩ አይቀየመውም።

በመጨረሻም ብዙ ሌሊት ከእኛ ጋር በብርድ ለቆሙት መምህራችን፤ በሩን ለከፈቱልን ለዘበኛው አባባ፤ ሳይጠራጠር ላመነንና በኋላም ይቅር ላለን ለዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ለትምህርት ቤታችንም መልካም የምሥረታ በዓል እንመኛለን።