«ማን አጠፋ?» ከማለታችን በፊት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የመረጥሁት ርእስ በስሌት የሚፈታ፣ በሠንጠረዥም የሚገለጽ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሌታችን ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራችን የሚበላሽበትን አንዱን ምክንያት የሚመለከት ስለሆነ፣ ከሙያችን ውጭ ነው ብዬ አላምንም። ጉዳዩ በየመሥሪያ ቤታችን ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው፣ አንድ ትራንስፎርመር በተቃጠለ፣ አንድ ፓምፕ በተሰበረ፣ ወይም አንድ ምሰሶ ከሚፈለገው ጥንካሬ በታች ሆኖ በተገኘ ጊዜ ወዲያውኑ ስብሰባ ይጠራል። የስብሰባውም የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ነው ያጠፋው?» የሚል ነው። ሰውየው ይገኛል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ወይም ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ወይም ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆን ከቦታው ይነሣል። ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፤ ፋይሉም ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ግን ማንም ያላነሣው ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ይኸውም፣ ነገ በተቀጣው ሰው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም የሚያግደው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

አባቶቻችን አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙም አፈርሳታ፣ የሚባል የምርመራ ሥርዓት ነበራቸው። በአንድ አገር ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አድራጊው በታጣ ጊዜ፣ የአካባቢው ሰው ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ሥርዓቱ የተበጀው ወንጀለኛን ለማግኘት ነው፤ ወንጀለኛም ስም አለው። የተበላሸ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ስም ተጠቅልሎ የሚያልቅ አይደለም። የቴክኒክ ስብሰባችንን ወደ አውጫጭኝ በለወጥነው ቁጥር ስም እናገኛለን እንጂ ምክንያት አናገኝም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ የተወሰደው የአርማታ ናሙና በ28ኛው ቀን ሲፈተሽ ከሚፈለገው ጥንካሬ በታች ሆነ እንበል። ሲጣራም ካቦው በአርማታው ላይ ውኃ ማስጨመሩ ታወቀ። «ማን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ተገኝቷል። ይሁንና «እንዴት?» ብለን ብንቀጥል ምን እንሰማ ይሆን? አርማታውን የጫነው መኪና በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ዘግይቶ እንደ ደረሰ፤ በዚህም የተነሣ አርማታው መጠንከር እንደ ጀመረ፤ ፌሮው እጅግ ተቀራርቦ ስለታሰረ በመካከሉ አልወርድ እንዳለ፤ መኪናውን መልሶ ለመላክ ሥልጣን ያለው ሰው በሥፍራው እንዳልነበረ፤ ባለፈው ወር መኪና የመለሰ ሌላ ካቦም ሥራ አጓተትህ ተብሎ እንደ ተወቀሰ እንሰማ ይሆናል። ካቦውን ብናሰናብተው ከእነዚህ ከአምስቱ ምክንያቶች አንዱም አብሮት አይሄድም። አምስቱም ተተኪውን ቆመው ይጠብቁታል።

ይህ አስተሳሰብ በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ተገኘ ለመረዳት፣ ከሁሉ ይልቅ የአቪዬሽን ሙያ ታሪክ ይጠቅመናል። ምክንያቱም የአውሮፕላን አደጋ በጽሑፍ እየተመረመረ፣ ውጤቱም ለሌሎች እየተነገረ የቆየ በመሆኑ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ቢ-17 የተባለውን የአሜሪካ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች በሰላም ካረፉ በኋላ፣ የክንፉን ተቀጥላ እናጥፋለን ሲሉ ጎማውን እያጠፉ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። አደጋው «የአብራሪ ስሕተት» እየተባለ ይመዘገብ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን ሲመረምር ግን፣ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና በመልካቸው አንድ ዐይነት መሆናቸውን፣ መቆጣጠሪያዎቹ በሚለያዩባቸው በሌሎች አውሮፕላኖች ላይም ይህ ስሕተት እንደማይታይ ተገነዘበ። መፍትሔውም በጎማው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በክንፉ ተቀጥላ መቆጣጠሪያ ላይ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ ማድረግ ሆነ። የደከመው አብራሪ ዐይኑ ቢስት እንኳ እጁ ያውቀዋል። የጎማ መቆጣጠሪያ በጎማ ቅርጽ መሠራቱ ዛሬም የአውሮፕላን ሥራ ደንብ ነው። አብራሪዎቹን መቅጣት ይህን መፍትሔ ሊያስገኝ ባልቻለም ነበር።

«እንዴት?» የሚለው ጥያቄ በጊዜው መልስ ባላገኘበት ቦታ የሚከተለውን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን በመራራ ኀዘን እናውቀዋለን። ጥቅምት 29 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አንድ የኢንዶኔዥያ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ከአደጋው በኋላ በየአገሩ ከተነገረው ብዙው ስለ አብራሪዎቹ ችሎታና ስለ አየር መንገዱ የጥገና ሥራ ነበር። በአውሮፕላኑ ውስጥ ግን ከአንድ መለኪያ ብቻ መረጃ እየተቀበለ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ መሣሪያ ተገጥሞ ነበር፤ ከዚያ አደጋ በፊትም ስለዚህ መሣሪያ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ አልተጻፈም ነበር። ከአምስት ወር ላነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ መጋቢት 10 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ዓለም ያን አውሮፕላን ከበረራ ያገደው ከዚህ በኋላ ነው። መሣሪያው የሁለት መለኪያዎችን መረጃ እንዲያመሳክር ተደርጎ ተሻሻለ፤ በአሜሪካም በረራ የተፈቀደለት በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያው አደጋ ወቅት ዐይናችን ከሰዎቹ ላይ ተነሥቶ በሙሉ ወደ ንድፉ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ፣ የዛሬው ርእሴ የቢሮ ጠባይ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይታየኛል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

«እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመልስ ሰውም ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. አንድ የቲ.ደብሊዩ.ኤ. አየር መንገድ አውሮፕላን በዋሽንግተን አቅራቢያ ወደሚገኘው ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ፣ የበረራ ተቆጣጣሪው የሰጠውን ፈቃድ አብራሪዎቹ ወደ ታች የመውረድ ፈቃድ አድርገው ስለተረዱት፣ ከአንድ ተራራ ጋር ተላትሞ 92 ሰዎች ሞቱ። የሚያሳዝነው ግን ይህ አይደለም ብቻ። ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ በዚያው አነጋገር ተሳስተው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ያ አየር መንገድ ሠራተኞቹ የገጠማቸውን ያለ ፍርሃት የሚናገሩበት መንገድ ስለነበረው፣ የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ወሬው ግን ከዚያ ድርጅት ግቢ አልወጣም። 92ቱን ሰዎች ሊያድን ይችል የነበረው ዕውቀት ቀድሞ ተገኝቶ ነበር፤ የጎደለው መተላለፊያው ነው።

ከዚህ ትምህርት በመነሣት በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ የማስታወቂያ ሥርዓት ተቋቋመ። አብራሪው፣ ተቆጣጣሪው ወይም የጥገና ሠራተኛው የገጠመውን ጽፎ ይልካል። ደብዳቤውን የሚቀበለው ግን የመቅጣት ሥልጣን ያለው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ በመካከል የቆመው ናሳ ነው። የጸሐፊው ስም ከጽሑፉ ይወጣል፤ ትምህርቱ ለሁሉ ይታተማል። በ10 ቀን ውስጥ ያስታወቀ ሰው፣ ሳያስበው ለፈጸመው የደንብ መተላለፍ ቅጣት አይፈጸምበትም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር፣ ወንጀልና የደረሰ አደጋ ግን ከዚህ ከለላ ውጭ ናቸው። እስካሁን የደረሱት ማስታወቂያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ «ቅጣት ከቀረ ሥርዓት ይፈርሳል» የሚል ሐሳብ የሚነሣበት ሰው ይኖራል። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። እኔ የምለው ቅጣት ይቅር አይደለም፤ ሦስት ነገሮችን እንለይ ነው። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ሊደርስበት የሚችል መሳሳት ነው፤ ቁጥር ማዘዋወር፣ አንድ ቫልቭ መዝጋት መርሳት የመሰለው። ለዚህ መድኃኒቱ አሠራሩን ማረም ነው። ሁለተኛው፣ ጊዜና ገንዘብ ለማዳን ሲባል ቀስ በቀስ ልማድ የሆነ አቋራጭ መንገድ ነው። ይህን የሚፈጽመው ሰው አደጋው አይታየውም፤ ብዙ ጊዜም አለቃው እያወቀ ዝም ብሎታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ምክርና ቁጥጥር ነው፤ አለቃው ራሱንም ይጠይቅ። ሦስተኛው፣ አደጋውን እያወቁ መናቅ፣ የፍተሻ ውጤትን አስመስሎ መጻፍ፣ ጉቦ ተቀብሎ መፈረም ነው። ይህ ስሕተት አይባልም፤ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱም ሊቀር አይገባም። የእኛ ችግር ሦስቱን በአንድ አለንጋ መግረፋችን ነው። በዚህ ጊዜ ሐቀኛው ተናግሮ ይቀጣል፤ አጥፊው ሸሽጎ ያመልጣል።

«ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። በገበታና በዕድር ስፍራ የዚህን ምክር ጥቅም አልክድም። በሥራ ቦታ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም በግድግዳ ውስጥ፣ በመሠረት ሥር፣ በቱቦ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ለእኛ ሙያ የሚስማማው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ሌላው ተረታችን ነው። ነገር ግን በሽታውን የተናገረውን ሰው ከሐኪም ቤት የምናባርር ከሆነ፣ ደበቀ ብለን ልንወቅሰው አንችልም።

በመሆኑም ሁለት ሐሳቦችን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኞችን የምንመራ ሁላችን፣ ብልሽት በደረሰ ጊዜ የሚደረገውን የቴክኒክ ውይይት ከዲሲፕሊን ስብሰባ እንለይ። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ሰብሳቢ አይካሄዱ። በቴክኒኩ ውይይት መጀመሪያ ቃል የሚሰጠው ለሥራው ቅርብ የሆነው ሠራተኛ ይሁን፤ አለቃ መጨረሻ ይናገር። ውይይቱም «ወደፊት ጥንቃቄ ይደረግ» በሚል ቃል አይዘጋ። «ጥንቃቄ ይደረግ» ማለት ምንም አልተለወጠም ማለት ነውና። ምን እንደሚለወጥ፣ ማን እንደሚለውጠው፣ እስከ መቼ እንደሚፈጸም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን አባላት ለጥቂት የተረፉበትን ስሕተት የሚልኩበት አንድ መንገድ ይክፈት። የጉባኤው እምነት ያላቸው ሦስት ነባር አባላት ደብዳቤዎቹን ይቀበሉ፤ የሰው፣ የድርጅትና የሥራ ቦታ ስም ያውጡ፤ ትምህርቱንም በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ያሳትሙ። ማኅበራችን ማንንም ከቅጣት ነፃ የማድረግ ሥልጣን እንደሌለው አውቃለሁ። ስለዚህ ጉዳት ካልደረሰባቸው ጉዳዮች እንጀምር። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ደብዳቤ ብቻ ቢደርስ እንኳ፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ሌላው በድንጋጤ የተማረውን በንባብ ይማረዋል።

አስቸጋሪው ክፍል የኮሚቴው መቋቋም እንዳይመስላችሁ። አስቸጋሪው፣ አንድ ማለዳ አንድ ሠራተኛ ወደ ቢሮአችን ገብቶ «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ሲለን ፊታችን ላይ የሚያየው ነገር ነው። በዚያች ደቂቃ የምንመልስለትን ቃል ሌሎቹ ሠራተኞች ሁሉ እስከ ምሳ ሰዓት ይሰሙታል። ከዚያም በኋላ ለመናገር ወይም ዝም ለማለት የሚወስኑት ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ በዚያ ቃል ነው።