ባዶ ሳምንት ዜሮ አይደለም



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ አንድ ግራፍ ላወራችሁ ወሰንኩ።

ፎገራን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ይሆናል። ለሩዙ ሲሳይ ነው፤ እኛ ግን ውሃው ሲጎድል ወባን እንጠብቃለን። ስለዚህ የታማሚው ቁጥር በየሳምንቱ ግራፍ ላይ ይሰፍራል። የማስጠንቀቂያው መስመር ባለፉት 5 ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገቡት ቁጥሮች ሁለተኛው ትልቁ ነው። ከዚያ ካለፈ ወረርሽኝ ይጠረጠራል።

ወረታ አካባቢ ስሠራ የአንድ ቀበሌ ግራፍ በኤክሴል ሠራሁ። መስመሩ ቁልቁል ወረደ። «ተመስገን፣ ቀነሰ» አልን። ለካስ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ሪፖርቱ አልመጣም ኖሯል! ባዶውን ሳምንት ዜሮ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ሲደርስ ቁጥሩ ከመስመሩ በላይ ነበር። ሁለት ሳምንት ዘገየን። ስሕተቴን ያየልኝ ሰው አልነበረም፤ ምን እንደነካሁ ፋይሉ አይናገርማ።

ኋላ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ግኑፕሎትን አሳየኝ። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ትእዛዙ በተራ ጽሑፍ ይጻፋል። እንደ ኢማክስ ባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ የምትጫን ትንሽ ኤክስቴንሽን ደግሞ ትእዛዞቹን በቀለም ትለያለች፤ ቁልፍ ስትነኩ ስክሪፕቱን አስኬዳ ግራፉን ታወጣለች። ኢንተርኔት አትፈልግም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃታል። ሪፖርት ባልመጣበት ሳምንት «ቁጥር የለም» የሚል ምልክት እንጽፋለን፤ መስመሩ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ክፍተቱን ያየ ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ስልክ ይደውላል። ስክሪፕቱም የሠራነውን ሁሉ መስመር በመስመር ስለሚያሳይ ሌላ ሰው ሊያርመን ይችላል።

መሣሪያው ግን ሐኪሙን አይተካም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ በወባ መድኃኒት አልድን ያለው ሕመም ካላ አዛር ሆኖ ተገኝቷል። ትክክለኛ ግራፍም ቢሆን የሚነግረን የጻፍንበትን ብቻ ነው።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ስክሪፕት በእጃቸው ይጻፉ። እኛ አንጋፋዎቹ ደግሞ ከታናናሾቻችን ለመማር አንፈር። እኔ በ40ዎቹ ዕድሜዬ ተምሬዋለሁ፤ ትንሽ አንገዳገደኝ እንጂ አልጣለኝም።