ስለ ችፌ በሽታና ስለ አይጥ ምስክርነት



በቅርቡ ከላፍቶ ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ሳለሁ አንዲት እናት ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ታቅፋ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። የሕፃኑ የክንዱ መታጠፊያና የጕልበቱ ቋንጃ ሻክሮ፥ ጠቍሮ፥ ከመታከክ ብዛትም ተልጦ ይታያል። ከጐኗ የነበሩት ወይዘሮ ይህን ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ወንበር ተዛወሩ። እናቲቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ የልጇን እጅጌ ብቻ ወደ ታች ሳበችው። የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ ለእኚያ ወይዘሮ፥ እንዲሁም እንደ እርሳቸው ሳናውቅ ለምንፈራ ለሁላችን ነው።

ባገራችን ችፌ፥ በሐኪሞች ዘንድ ኤክዚማ የሚባለው የቆዳ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከወላጅ በደልም፥ ከሰው ዓይንም፥ ከእናት ስንፍናም የሚመጣ አይደለም። ታዲያ ከምን ይመጣል ቢሉ፥ የጭቃ ቤት ግድግዳን ማሰብ ይበቃል። ምርጉ ደኅና የሆነ ቤት ሙቀቱን ይይዛል፤ ዝናብም አይገባውም። ምርጉ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ሙቀቱ ይወጣል፤ ንፋሱና ተባዩ ይገባል። ቆዳም እንዲሁ ነው። ምርጉ ሲላላ እርጥበቱ ይወጣል፤ አቧራና ረቂቃን ተሕዋስያን ይገቡበታል። ያን ጊዜ የሰውነት ጠባቂዎች ጠላት መጣ ብለው ይነሣሉ፤ ማሳከኩና መቍሰሉም ከዚሁ ይከተላል።

ሊቃውንት ይህን የተረዱት በብዙ ድካም ነው፤ ከረዷቸውም መካከል ታናሺቱ አይጥ አንደኛዋ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው፥ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ምርግ የሚያሠራው ጂን ሲጐድል ሰውን ለችፌ እንደሚያጋልጥ ገለጡ። በ2009 ደግሞ ጅራቷ የሚላላጥ አንዲት የአይጥ ዘር በዚሁ ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል እንደ ጐደላት ታወቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ነገር ግን በ2013 የዚችው አይጥ ቆዳ ለመቍሰሉ ምክንያት የሚሆን ሌላ ሁለተኛ የጂን ጕድለት ተገኘባት። በጃፓን የተራባው ሌላው ዘር ደግሞ ከተሕዋስያን ፈጽሞ በተጠበቀ ክፍል ሲኖር ጤነኛ ነው፤ በተራ ክፍል ሲኖር ግን ቆዳው ይቈስላል። ከዚህም የምንማረው ትውልድና አካባቢ ተባብረው በሽታውን እንደሚያመጡት ነው።

ይሁን እንጂ የአይጥ ሕመም የሰውን ሕመም ምን ያህል ይመስላል? ይህን የሚመዝኑት ጂኖች በሥራ ላይ መዋላቸውን በመለካት ነው። አንዲት ባለሙያ ሴት ከእናቷ የተማረችው ባልትና ብዙ ነው፤ ጠጁንም፥ ጠላውንም፥ ዶሮ ወጡንም ታውቃለች። ዛሬ የተሠራው የቱ እንደ ሆነ የሚታወቀው ግን ድስቱ ሲከፈት ነው። በሴሎቻችንም ውስጥ ትእዛዙ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል፤ የታመመው ቆዳ የትኛውን አብዝቶ፥ የትኛውን አሳንሶ እንደሚሠራ ግን ከቆዳው ጥቂት ተወስዶ ይለካል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ስድስት ዐይነት አይጦችን ከሰው ችፌ ጋር በዚህ መንገድ ቢያስተያይ፥ እጅግ የተቀራረበው ዐይነት እንኳ ከሰው ጋር የተመሳሰለው በ37 በመቶ ብቻ ነበር። አይጥ እንግዲህ እውነተኛ ምስክር ናት፤ ያየችው ግን ከፊሉን ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ ሰውም ለሰው ሙሉ ምስክር አለመሆኑ ነው። በ2011 ችፌ ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ተመርምረው፥ በአውሮፓ ብዙ ጊዜ የሚታየው የፊላግሪን ጕድለት ሳይገኝባቸው ቀረ። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ክላውዲን አንድ የተባለ፥ ሴልን ከሴል አጣብቆ የሚይዝ ነገር የሚሠራበት ጂን ከበሽታው ጋር ግንኙነት እንዳለው አመለከተ። በሌላ አገር የተቀረጸ ቍልፍ የእኛን በር ሁልጊዜ አይከፍትም። ስለዚህ የላፍቶው ሕፃን ቆዳ ባገሩ ልጆች መጠናት አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱ የሚሰፋው በሌላ ሰው ልክ ነው።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ከላፍቶ ብዙ በማይርቀው በዘነበወርቅ በ1958 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ይገኛል፤ ከጐኑም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። የሥጋ ደዌ ተሕዋሲ በጠርሙስ ውስጥ አልራባ ብሎ ሊቃውንትን ባስቸገረ ጊዜ፥ በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአይጥ መዳፍ ላይ ሊራባ በመቻሉ መድኃኒቶችን መፈተኛ መንገድ ተገኘ። ዛሬ ያ ብዙ ሰው ከቤቱ ያስወጣ በሽታ በመድኃኒት ይድናል። ከሥጋ ደዌ ሕመምተኛ መሸሽ የማይገባ ከሆነ፥ ከማይተላለፈው ከችፌማ እንዴት ይሸሻል?

እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁን ለብ ባለ ውሃ፥ ሳይቈይ እጠቡት፤ ኃይለኛ ሳሙና አታብዙበት። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። ጥፍሩን አሳጥሩ፤ ሻካራ ሱፍ ከገላው ላይ አታልብሱት። ጓደኛ ያመሰገነውን ቅባት ከመደብር ገዝታችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀቡት፤ ቍስሉ ፈሳሽ ካመጣ ወይም ልጁን ካተኰሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እኛ የቀረነው ደግሞ በታክሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ባየን ጊዜ ከወንበራችን አንነሣ። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ትምህርትም አያስፈልግም። እናቲቱም የልጇን እጅጌ ወደ ታች መሳብ አያስፈልጋትም።