የዘመድ ዜማ እንዳይቀበር
(ሃና ላይ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እነሆ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። «ታዲያ መጀመሪያ ምን እንጻፍ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ በሞት የተለያችሁትን ዘመድ ጻፉ። ቤቱን የሚወድ፣ ሥራውን የሚያከብር፣ ዜማም የሚያውቅ ዘመድ ያልነበረው ማን አለ?

ስለ ዜማ ሃና ላይ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቦዲ ሰው የከብትን መልክ በየስሙ ለይቶ ያውቃል። የራሱንም ስም ከከብት መልክ ይወስዳል። ለሚወደው በሬ ይዘፍናል። በከብቱ ሚስት ያገባል፤ በወተቱ ልጅ ያሳድጋል። እንግዲህ በአንድ አባት የበሬ ዘፈን ውስጥ ሥራውም ቤቱም አሉበት ማለት ነው።

ዘፋኙ ሲሞትስ? የሚያስታውሱት እስካሉ ድረስ ዜማው ይኖራል። እነሱም ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል። ዘመኑም ተለውጧል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን ሙላት ለውጦታል። በሰላማጎ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ገብቷል። የኑሮው መልክ ሲለወጥ ዘፈኑን የሚማር ልጅም ሊያንስ ይችላል።

ጽሑፍ ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ልንገራችሁ። ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመናዊ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ካገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ጋር አዲስ አበባ ገቡ። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ የተሰማውን መዝሙር ዜማ የደረሱ እሳቸው ናቸው።

ነርሴስ ናልባንዲያን ደግሞ አጎታቸውን ኬቮርክን ተከትለው መጡ። የማዘጋጃ ቤቱን የሙዚቃ ጓድ መሩ። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤትም ሠሩ። ያገራችንን ዜማ ብዙ መሣሪያ በአንድነት እንዲጫወተው አድርገው በወረቀት ጻፉት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 አረፉ። ወረቀቱ ግን አልሞተም። ቤተሰባቸው አስቀመጠው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ያንኑ አንብበው ተጫወቱት። በሕይወት ሳሉ አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች እኮ ናቸው!

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

እናንተም ዛሬውኑ ጀምሩ። ዘፈኑን የሚያውቁ ሽማግሌ ዘንድ ሂዱ። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። የሟቹን ስም፣ የወለዳቸውን ልጆች፣ የበሬውን መልክ፣ ከዚያም ዘፈኑን በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ። ፊደል መሣሪያ ነው፤ ቃሉ የእናንተ ይሁን። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለሽማግሌው አንብቡላቸው፤ የተሳሳተውን ያርሟችሁ።



የመወያያ ጥያቄዎች
1. የናልባንዲያን ቤተሰብ ወረቀቱን ባያስቀምጥ ኖሮ ምን ይቀር ነበር?
2. በቤታችሁ የማን ዜማ ሳይጻፍ ቀርቷል? ማንስ ያውቀዋል?