ወደ ምንጩ የሚመለስ ሸክላ



አንድ የቆየ የሙዚቃ ሸክላ እንደገና ታትሞ ለገበያ ሲቀርብ፣ ገዢው የሚያየው አዲሱን ክብ ፕላስቲክና ከጥንት የሚያውቀውን የሽፋን ሥዕል ነው። ነጋዴው ትርፉን፣ ሙዚቃ ወዳዱም ትዝታውን ያስባል። መሐንዲስ ግን ሌላ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል። ይህ ሸክላ የተቀዳው ከየትኛው ቅጂ ነው? በመጀመሪያው ሥራና በዚህ መካከልስ ስንት እጅ ገብቷል? የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ይህ ጥያቄ ከሙዚቃ አልፎ ለማናቸውም የምህንድስና ሥራ መሠረታዊ መሆኑን በአንድ የታወቀ ምሳሌ ማሳየት ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። ሸክላ በካሴትና በኮምፓክት ዲስክ ተሸንፎ ከገበያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ይሁን እንጂ በ2022 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላዎች ሲሸጡ፣ የኮምፓክት ዲስክ ሽያጭ 33 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተመዝግቧል። ሸክላ ዲስኩን በቁጥር ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ገበያው ከተመለሰ ዘንድ የድሮ ሥራዎችን እንደገና ማሳተምም ዳግመኛ ሙያ ሆኗል።

ለምሳሌነት የተመረጠው፣ ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በሜይ 26 ቀን 1967 በአገሩ ለገበያ ያቀረበው «ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ሃርትስ ክለብ ባንድ» የተሰኘው አልበም ነው። ይህ ሥራ ሳይኪደሊክ ሮክ ከሚባለው ስልት ዋና ዋና ውጤቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ስልቱ ሕልም መሰል ስሜትን በድምፅ ለመግለጽ የሚጥር ሲሆን፣ ለዚህም ዘፋኙንና ጊታሩን ብቻ ሳይሆን የመቅረጫ ክፍሉን ራሱን እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል። ቴፕን ወደ ኋላ ማስኬድ፣ ፍጥነቱን መለወጥ፣ ቆራርጦ መቀጠል፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ መደረብ የታወቁ ዘዴዎቹ ናቸው። ስለሆነም እንዲህ ያለው አልበም በመድረክ የተሰማ ድምፅ ግልባጭ አይደለም፤ በቴፕ ላይ ቁራጭ በቁራጭ የተገነባ ነው።

ቀረጻው ከኖቬምበር 24 ቀን 1966 እስከ ኤፕሪል 21 ቀን 1967 በለንደን ከተማ፣ አቢ ሮድ በተባለው ጎዳና በሚገኘው የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ተካሄደ። አዘጋጁ ጆርጅ ማርቲን፣ የድምፅ መሐንዲሱም ዕድሜው ገና 21 ዓመት ገደማ የነበረው ጄፍ ኤመሪክ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው ስቱደር ጄ37 የተባለ መቅረጫ፣ ባለ አንድ ኢንች ቴፕ ላይ አራት የድምፅ መስመሮችን ብቻ የሚይዝ ነው። አራቱ መስመሮች ሲሞሉ ድምፆቹ ተደባልቀው ወደ ሌላ መቅረጫ አንድ ወይም ሁለት መስመር ይገለበጣሉ፤ በተለቀቁት መስመሮች ላይም አዲስ ድምፅ ይጨመራል።

ይህ ዘዴ ዋጋ ያስከፍላል። እያንዳንዱ ግልባጭ የራሱን የቴፕ ሁከት ይጨምራል። መጠናቸው እኩል የሆኑና እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ሁከቶች ሲደመሩ ኃይላቸው እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም የ3 ዴሲቤል ጭማሪ ነው። ከዚህም የሚከፋው አንድ ጊዜ የተደባለቀው ከበሮና ባስ ጊታር በዘመኑ መሣሪያ ተመልሶ ሊለያይ አለመቻሉ ነበር።

በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1967፣ ለአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን አርባ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ሲቀረጹ፣ አራት መስመር ፈጽሞ እንደማይበቃ ታወቀ። የስቱዲዮው ቴክኒሻን ኬን ታውንሴንድ ያገኘው መፍትሔ ቀላልና ብልህ ነበር። በመጀመሪያው ቴፕ አንድ መስመር ላይ የ50 ኸርዝ ድምፅ ተቀረጸ፤ ይህ ድምፅ ኃይሉ ተጨምሮ የሁለተኛውን መቅረጫ ሞተር ፍጥነት እንዲቆጣጠር ተደረገ። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድነት ሲሄዱ አራቱ መስመር ስምንት ያህል ሆነ ማለት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ቅንብሮች ተዘጋጁ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አብዛኛው ቤት የነበረው ማጫወቻ ባለ አንድ ድምፅ ማውጫ ስለነበረ፣ የጓዱ አባላት ትኩረታቸውን የሰጡት ለሞኖው ቅንብር ነው። የስቴሪዮው ቅንብር ግን እነርሱ በሌሉበት ባጭር ጊዜ ተጠናቀቀ። በሁለቱ መካከል የሚሰማ ልዩነት አለ። ለምሳሌ «ሺስ ሊቪንግ ሆም» የተሰኘው ዘፈን በሞኖው ፈጠን ያለና በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በስቴሪዮው ዝግ ያለና ዝቅ ያለ ነው።

እንግዲህ ይህን አልበም እንደገና ለሚያሳትም ሰው ሦስት በሮች አሉት። አንደኛው የተጠናቀቀው የስቴሪዮ ቴፕ፣ ሁለተኛው የተጠናቀቀው የሞኖ ቴፕ፣ ሦስተኛው ከመደባለቁ በፊት የነበሩት ባለ አራት መስመር ቴፖች ናቸው። ሦስቱም በሮች ተሞክረዋል።

በ2012 የወጣው ሸክላ በመጀመሪያው በር የገባ ነው፤ ሆኖም የተቀረጸው ከስቴሪዮው ቴፕ በቀጥታ ሳይሆን፣ በ2009 ከእርሱ ከተዘጋጀው የዲጂታል ቅጂ ነበር። በ2014 ሞኖው ሲታተም መሐንዲሱ ሾን ማጊና የሥራው ተቆጣጣሪ ስቲቭ በርኮዊትዝ ዲጂታል መሣሪያን በሙሉ ትተው ከሞኖው ቴፕ በቀጥታ ቀረጹ። ቴፑን ስቱደር ኤ80 በተባለ ማጫወቻ አጫወቱ፤ የመቅረጫ ቶርኖውም በ1980ዎቹ የተሠራው ቪ.ኤም.ኤስ.80 ነበር። ከመጀመራቸው በፊት ሳምንታት ወስደው ቴፑን ከ1960ዎቹ የመጀመሪያ ሸክላዎች ጋር አነጻጸሩ። መሪያቸው ደግሞ የቀድሞዎቹ የሸክላ ቀራጮች ጽፈው ያስቀመጡት የሥራ ማስታወሻ ነበር።

የማስታወሻው ጥቅም እንዲታወቅ የሸክላን አሠራር ባጭሩ ማስታወስ ይገባል። ድምፁ መጀመሪያ የሚቀረጸው ላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ ነው። ቶርኖው ሳህኑን ሲያዞር የጋለ መርፌ በላዩ ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ይቀድዳል። ሳህኑ በብር ከተለበጠ በኋላ በኤሌክትሪክ ኃይል የኒኬል ቅርፊት ይገነባበታል፤ ከዚያም በተከታታይ በሚወጡ የኒኬል ግልባጮች መጨረሻው ማተሚያ ይገኛል። በሁለት ማተሚያዎች መካከል የገባ ትኩስ ቪኒል በሙቀትና በከባድ ግፊት ተጨፍልቆ ሸክላ ይሆናል።

ሸክላው በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ ይዞራል። የዙሩ ፍጥነት አይለወጥም፤ መርፌው ሥር የሚያልፈው የቦይ ርዝመት ግን ይለወጣል። ዲያሜትሩ 29 ሳንቲሜትር በሆነው የዳር ቦይ ላይ በሰከንድ 51 ሳንቲሜትር ያህል ሲያልፍ፣ 12 ሳንቲሜትር በሆነው የውስጥ ቦይ ላይ 21 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ቀጭን ድምፆች ወደ መሐል በተቃረቡ ቁጥር ይጨናነቃሉ፤ መዛባትም ይጨምራል። የዚህ አልበም ኃይለኛ ክፍል፣ ማለትም የአርባው ተጫዋቾች መወጣጫና የፒያኖዎቹ ረዥም መዝጊያ ድምፅ፣ የሚገኘው ደግሞ በዚሁ በጠባቡ ሥፍራ ነው። ቀራጩ ድምፁን ምን ያህል ከፍ ማድረግ፣ በቦዮቹ መካከል ምን ያህል ክፍተት መተው፣ የትኛውን ድምፅ መግታት እንዳለበት መወሰን ነበረበት። ይህ ውሳኔ በቴፑ ላይ አይገኝም። የሚገኘው በወረቀቱ ላይ ነው።

ወረቀትና ትእዛዝ ካልተከተሉ ምን እንደሚቀር አልበሙ ራሱ ያሳያል። በእንግሊዙ ሸክላ መጨረሻ ላይ 15 ኪሎ ኸርዝ ያህል የሆነ፣ ብዙ ሰው በቅጡ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ አለ። ቀጥሎም መርፌው እስኪነሣ ድረስ የሚደጋገም ትርጉም የለሽ ንግግር በመሐለኛው ቦይ ተቀርጿል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የታተመው ሸክላ ግን ይህን አልያዘም። የአሜሪካ ገዢ ዓመታት ሙሉ የሰማው ጫፉ የጎደለ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው በር በ2017 ተከፈተ። የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲንና መሐንዲሱ ሳም ኦኬል የተጠናቀቀውን ቴፕ ትተው፣ ድምፆቹ ወደ ሁለተኛ ቴፕ ከመገልበጣቸው በፊት ወደነበሩት ቴፖች ተመለሱ። እነዚህን በዲጂታል መሣሪያ አቀናጅተው አዲስ የስቴሪዮ ቅንብር ሠሩ። በ1967 በግድ የተደባለቁት ድምፆች ከመጀመሪያው ቅጂያቸው ስለተወሰዱ፣ የግልባጩ ሁከት ሳይጨመርባቸው ተገኙ። ለአቀነባበሩም መመዘኛ የሆናቸው ጓዱ ራሱ የተቆጣጠረው ሞኖ ነበር፤ ከላይ የተጠቀሰው ዘፈን በስቴሪዮም በሞኖው ፍጥነት የተሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሦስቱ የትኛው ትክክል ነው? የ2014ቱ ሥራ «በ1967 ቤት የገባው ሸክላ ምን ነበር?» ለሚለው ይመልሳል። የ2017ቱ ደግሞ «በክፍሉ ውስጥ የተቀረጸው ምን ነበር?» ለሚለው። ጥያቄው ሲለያይ መልሱም ቢለያይ አያስወቅስም። ሊያስወቅስ የሚችለው አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ነው። በ2022 አንድ የታወቀ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ፣ ገዢዎች ከቴፕ በቀጥታ የተቀረጹ ናቸው ብለው በውድ ዋጋ በገዟቸው ሸክላዎች አሠራር ውስጥ የዲጂታል ደረጃ እንዳለ ሲታወቅ፣ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። የዲጂታሉ ቅጂ መጥፎ ድምፅ ነበረው ያለ ሰው ጥቂት ነው፤ ቅሬታው የተነሣው ምንጩ በግልጽ ስላልተነገረ ነው።

ሦስቱም በሮች ሊከፈቱ የቻሉት የስቱዲዮው ሠራተኞች መካከለኛ ቴፖችን ሳይቀር በማስቀመጣቸው ነው። በዚያን ዘመን ይህ የሁሉም ልማድ አልነበረም። የእንግሊዝ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ የቴሌቪዥን ቴፖችን አጥፍቶ እንደገና ተጠቅሞባቸዋል። በጁን 1 ቀን 2008 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የተነሣው እሳትም የብዙ ሥራዎችን ዋና ቅጂዎች በልቷል። እርግጥ ዛሬ አንድ ላይ የተቀረጹ ድምፆችን በኮምፒዩተር መለየት ተችሏል፤ በ2022 «ሪቮልቨር» የተባለው የ1966 የቢትልስ አልበም እንደገና የተቀናበረው በዚህ ዘዴ ነው። ሆኖም ኮምፒዩተሩም ቢሆን የሚለየው የተቀመጠ ቴፕ ሲያገኝ ነው።

ምንጩ ደኅና ቢሆንም መሣሪያው በአንድ እጅ ከተወሰነ አደጋው አይቀርም። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2020 በካሊፎርኒያ በባኒንግ ከተማ የነበረው የአፖሎ ማስተርስ ፋብሪካ ተቃጠለ። በዓለም ላይ የላከር ሳህን ከሚያመርቱት ሁለት ድርጅቶች አንዱ ስለነበረ፣ ሥራው በአንድ ቀን በጃፓን በሚገኘው በሌላው ትከሻ ላይ ወደቀ። ብዙ ሚሊዮን ሸክላ የሚያንቀሳቅስ ኢንዱስትሪ በሁለት ምሰሶ ብቻ ቆሞ እንደነበር የታወቀው አንዱ ከወደቀ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። አቶ አማሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በስማቸው በሚጠራው ድርጅት የዘመኑን ሙዚቃ በሸክላ አሳትመዋል። ካሴት ሲስፋፋ ሸክላው ቀረ። ያ ሙዚቃ በሰፊው ዓለም እንደገና የተሰማው፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ባዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ ያወጡት «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ2017 በለንደን እንደገና ሲታተም ከስቴሪዮው ጋር ሞኖውም ሊቀርብ ችሏል። ዋናው ቴፕ ባልተገኘበት ሥፍራ ግን አሳታሚው ያለው አማራጭ ካረጀ ሸክላ መቅዳት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጭረቱም አብሮ ይታተማል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ የድልድይ ሥዕል፣ የግድብ ስሌት፣ የፋብሪካ ሞተር መመሪያ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። ሥዕሉ ሲሻሻል የፊተኛው አይጣል፤ ቅጂው ከየትኛው እንደተወሰደ በላዩ ይጻፍ፤ ዋናው ከአንድ በላይ በሆነ ሥፍራ ይቀመጥ፤ በሥራ ላይ የተወሰነው ነገር ከነምክንያቱና ከነቀኑ ይመዝገብ። እነዚህ ትንንሽ ልማዶች በዕለቱ ምስጋና አያስገኙም። የለንደኖቹ ሸክላ ቀራጮች ያን ማስታወሻ የጻፉት የዕለት ሥራቸውን ለማከናወን ነበር፤ ከ47 ዓመት በኋላ ሌላ መሐንዲስ ከፊቱ ዘርግቶ ይሠራበታል ብለው አላሰቡ ይሆናል። ወረቀቱ ግን ከቴፑ ጋር በቦታው ተገኝቷል።